ሬዲዮሄድ መተውን የተማረበት አልበም

ስለ እንግሊዙ ሮክ ባንድ ስለ ሬዲዮሄድ ወሬ ሲነሳ የቱ አልበም ይበልጣል የሚለው ክርክር ሁሌም አንድ ነው። ግማሹ «ኦኬ ኮምፒውተር» ይላል፣ ግማሹ «ኪድ ኤ» ይላል፣ ከዚያ ወዲያ መግባባት የለም። አንዱ ሁለተኛ አልበማቸውን «ዘ ቤንድስ»ን ያነሳ እንደሆነ ግን ሁሉም በአንድ አፍ «አዎ፣ አሪፍ ነው፣ መሸጋገሪያ አልበም ነው» ይልና ወደ ጭቅጭቁ ይመለሳል። መሸጋገሪያ መሆኑን አልክድም። የሚያናድደኝ ወሬው እዚያው ላይ መቆሙ ነው። ከየት ወደ የት ነው የተሸጋገሩት? ሽግግሩስ አልበሙ ውስጥ የቱ ጋ ነው የሚሰማው?

«ከሮክ ወደ ኤሌክትሮኒክ» የሚለው መልስ አያስኬድም፤ እሱ የመጣው ከአምስት ዓመት በኋላ በ«ኪድ ኤ» ነው። «ከልጅነት ወደ ብስለት» የሚለውም ለየትኛውም ባንድ ሁለተኛ አልበም የሚባል ነገር ነው። እኔ እንደሚሰማኝ ከሆነ «ዘ ቤንድስ» ሦስት ጊታር ያለው ባንድ ሦስቱንም ባንዴ አለመጫወትን የተማረበት አልበም ነው። ሲሉት ቀላል ይመስላል። ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ ጊታሩን ጭራሽ ወደ ጎን ያሉበት ጊዜ ሳይቀር፣ ከዚች ትምህርት የወጣ ነው።

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ (ዓመቶቹንም ወሮቹንም የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ ነው)። አምስቱ ልጆች የተገናኙት እንግሊዝ አገር፣ ኦክስፎርድ አጠገብ ባለችው አቢንግደን፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ቶም ዮርክ ይዘፍናል፣ ጊታርም ይጫወታል። ጆኒ ግሪንዉድና ኤድ ኦብራየን ጊታር፣ የጆኒ ታላቅ ወንድም ኮሊን ቤዝ፣ ፊል ሴልዌይ ድራም። በ1985 ሲጀምሩ ስማቸው «ኦን ኤ ፍራይዴይ» ነበር፤ ልምምዳቸው ዓርብ ዓርብ ስለነበር። በ1991 ኢኤምአይ የሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ ሲያስፈርማቸው ስም እንዲቀይሩ ጠየቃቸው፣ እነሱም ቶኪንግ ሄድስ ከሚባለው ባንድ አንድ ዘፈን ላይ ሬዲዮሄድን አነሱ።

የመጀመሪያው አልበም «ፓብሎ ሃኒ» ነው። ሦስት ሳምንት በፈጀ ቀረጻ ተሠርቶ በ1993 መጀመሪያ ወጣ። ውስጡ «ክሪፕ» አለ፣ የተቀረው ደግሞ... እንግዲህ አለ። ጨክኜ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ሁለት ጥሩ ዘፈን አያጣም። ችግሩ ሁሉም ሰው ሁልጊዜ እየተጫወተ መሆኑ ነው። ሦስቱ ጊታሮች አንዱን ኮርድ ተደራርበው ይመቱታል፣ ድራሙ ከሥር ይከተላል፣ ዮርክ በዚያ ሁሉ ላይ ለመሰማት ይጮሃል። የዘመኑ የአሜሪካ ጊታር ባንዶች ጥላ በደንብ ይታይበታል።

«ክሪፕ» ራሱ ግን ለየት ያለ ነገር ነበረው። አዝማቹ ከመግባቱ በፊት ጊታሩ ሁለት ጊዜ «ክርችች» የሚልበትን ቦታ የማያውቅ የለም። ጆኒ ግሪንዉድ ያንን ያደረገው ዘፈኑ ለስለስ ማለቱ ስላልጣመው፣ ሊያበላሸው ፈልጎ ነው ይባላል። ከመላው አልበም ሰው ያስታወሰው ያንን ነው! ለምን? አንድ ጊታር ከሌሎቹ ተነጥሎ የራሱን ነገር የሠራባት ቦታ እሷ ስለሆነች። ፍንጩ ገና ከመነሻው እጃቸው ላይ ነበረ ማለት ነው፣ ልብ አላሉትም እንጂ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። «ክሪፕ» በ1992 ሲወጣ እንግሊዝ ውስጥ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም፤ የቢቢሲ ራዲዮ አንድ ሰዎች ከመጠን በላይ ያስተክዛል ብለው ገሸሽ አደረጉት። ከዚያ እስራኤል ውስጥ ተወደደ፣ ቀጥሎ የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎች ያዙት፣ በ1993 እንግሊዝ ውስጥ እንደገና ሲወጣ 7ኛ ደረጃ ገባ። ባንዱም ያንን አንድ ዘፈን ተሸክሞ ዓለምን ሲዞር ከረመ። በአንድ ዘፈን የሚታወቅ ባንድ መሆን የሚያስከትለው ጣጣ ግልጽ ነው፤ ዘፈኑ እንጀራ ይሰጥሃል፣ በዚያው ልክ ደግሞ አንቆ ይይዝሃል። «ማይ አይረን ላንግ» የሚለውን ዘፈን የጻፉት በቀጥታ ስለዚህ ነው። አይረን ላንግ ድሮ በራሱ መተንፈስ ላቃተው በሽተኛ የሚተነፍስለት የብረት ሣጥን ነው፤ ሰውየው በሕይወት ይቆያል፣ ከሣጥኑ ግን አይወጣም። ያሳደጋቸውን ዘፈን በዚህ ደረጃ መስደብ ድፍረት ይጠይቃል። ይባስ ብለው ከአዲሱ አልበም ቀድሞ የወጣው እሱ ነው።

ቀረጻው በ1994 የካቲት ለንደን ውስጥ ራክ በሚባለው ስቱዲዮ ተጀመረ። ፕሮዲውሰሩ ጆን ሌኪ ነበር። ሌኪ ሥራ የጀመረው አቢ ሮድ ስቱዲዮ ውስጥ ቴፕ በማንቀሳቀስ ሲሆን በኋላ ስቶን ሮዝስ የሚባለውን ባንድ የመጀመሪያ አልበም ፕሮዲውስ ያደረገ ሰው ነው። ልጆቹን ይበልጥ የሳባቸው ግን ማጋዚን ከሚባለው ባንድ ጋር መሥራቱ ነበር። ሌኪ ረጋ ያለ ሰው ነው ይላሉ። መርጋቱም አስፈልጎታል፣ ምክንያቱም ከላይ ኢኤምአይ «ነጠላ ዜማው የታለ?» እያለ ይወተውት ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፣ የአልበሙ ታሪክ ዋናው ቦታ ይሄ ነውና። ኩባንያው አዲስ «ክሪፕ» ይፈልጋል። ለነጠላ ዜማነት የታሰቡት «ሰልክ»፣ «ዘ ቤንድስ»፣ «ናይስ ድሪም» እና «ጀስት» ናቸው። በየትኛው እንደሚጀመር አልተስማሙም፣ ስለዚህ አራቱንም እኩል ማባበል ጀመሩ። እያንዳንዱ ቀን የአንድ ሂት ዘፈን ቀን መሆን ነበረበት። ጆኒ በበኩሉ አዲስ ድምፅ ፍለጋ ጊታር ሲቀያይር፣ ማጉያ ሲሞክር ቀናት ፈጀና መጨረሻ ላይ ወደዚያችው ወደ ድሮዋ ቴሌካስተር ጊታሩ ተመለሰ። ይህችን ታሪክ እወዳታለሁ። መሣሪያ በመቀየር ድምፅ የሚቀየር የሚመስለው ሰው ሁሉ ቢሰማት ደስ ይለኛል። ጊታሩ ያው ነው፣ እጁም ያው ነው። የቀረው መቼ መጫወት፣ መቼ መተው እንዳለበት ማወቅ ነበር፣ እሱ ደግሞ ሱቅ አይሸጥም።

መላው የተገኘው ከስቱዲዮ ሲወጡ ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ቀረጻውን አቋርጠው ለኮንሰርት ጉዞ ወጡ። አውሮፓ፣ ጃፓን፣ አውስትራሊያ። ስቱዲዮ ውስጥ አልንቀሳቀስ ያሉት ዘፈኖች መድረክ ላይ በየምሽቱ ሲጫወቱ ቅርጻቸውን ያዙ። «ማይ አይረን ላንግ»ንማ ጭራሽ ስቱዲዮ ውስጥ አልሠሩትም፤ አልበሙ ላይ ያለው ግንቦት 27 ለንደን አስቶሪያ አዳራሽ ውስጥ በቀጥታ የተጫወቱት ነው። የሕዝቡን ጩኸት አወጡለት፣ ዮርክ ድምፁን እንደገና ቀዳ፣ በቃ። ሳታውቁ ብትሰሙት በጭራሽ አትጠረጥሩም። ከጉዞው መልስ ኦክስፎርድሺር ውስጥ ማነር በሚባለው ስቱዲዮ ገብተው ለወራት ሲያሰቃያቸው የነበረውን ሥራ በሁለት ሳምንት ገደማ አገባደዱት።

ኤድ ኦብራየን በኋላ ስለዚህ ጊዜ ሲናገር ያለው ነገር የኔን ነጥብ በደንብ ያስረዳል። ቶም በአኩስቲክ ጊታር፣ ፊልና ኮሊን ከሥር ሆነው ዘፈኑ ግሩም የሚሰማ ከሆነ ሌላ ነገር መጨመር ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ መጠየቅ ጀመርን፣ በመጀመሪያው አልበም ጊዜ ይሄ በአእምሯችን አልነበረም ነው ያለው። ጊታሪስት እንዲህ ሲል አስቡት። ለአንድ ጊታሪስት «እኔ እዚህ ጋ አላስፈልግም» ማለት ሞት ነው።

ወደ ዘፈኖቹ ልግባ። «ፌክ ፕላስቲክ ትሪስ»ን ጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ አንዴ ስሙት። ሲጀምር አንድ አኩስቲክ ጊታርና አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ጊታሩም ረጋ ብሎ ኮርዱን ከመምታት ውጪ ምንም አይሠራም። ትንሽ ቆይቶ ጆኒ የሚጫወተው ኦርጋን ከኋላ ብቅ ይላል፤ ግን በጣም ከሩቅ፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ያለ ይመስላል። ድራምና ቤዙ ገና ሁለተኛው ቨርስ ላይ ይደርሳሉ። ከኋላ የሚሰማው ለስላሳ ድምፅ እውነተኛ ቼሎና ቫዮላ ነው፣ ግን ለማስለቀስ ብሎ አይንሰፈሰፍም። ኤሌክትሪክ ጊታሮቹ የት አሉ? ዝም ብለዋል። ሦስተኛው ቨርስ ላይ ባንዴ ይገቡና ቤቱን ያናውጡታል፣ ከዚያ ደግሞ ወዲያው ይወጣሉ። መጨረሻው እንደ መጀመሪያው ባዶ ነው። በ«ፓብሎ ሃኒ» ጊዜ ቢሆን ያ ጩኸት ከመጀመሪያው አዝማች ይጀምርና እስከ መጨረሻው ይቆይ ነበር፣ እርግጠኛ ነኝ ማለት ይቻላል።

የዚህ ዘፈን ድምፅ የተቀዳበት ታሪክም አለ። አሜሪካዊው ዘፋኝ ጄፍ በክሊ ለንደን ውስጥ ሲጫወት ሊያዩ ሄዱ። አንድ ሰው፣ አንድ ጊታር፣ ያ እንደ ልቡ ከላይ እታች የሚል ድምፅ። ዮርክ ከዚያ መልስ ስቱዲዮ ገብቶ ዘፈኑን ተጫወተውና አለቀሰ። በቀጭኑ ድምፅ ለመዝፈን ድፍረት ያገኘው ከበክሊ እንደሆነም ተናግሯል። ይህ ጉዳይ ከጊታሮቹ ዝምታ ጋር የተያያዘ ነው። ሦስት ጊታር እየጮኸ በቀጭን ድምፅ መዝፈን አትችልም፣ አትሰማም። ጊታሮቹ ገለል ሲሉ ነው ዮርክ መጮሁን ትቶ መዝፈን የቻለው። የቱ ቀድሞ የቱን እንዳመጣው መናገር ይከብዳል፤ አብረው የመጡ ይመስለኛል።

ሁሉም ነገር ለስለስ አለ ማለቴ ግን አይደለም። «ጀስት» አለ አይደል። በጣም ጯሂ ዘፈን ነው፣ ሆኖም ጩኸቱ እንደ ድሮው አይደለም። ጆኒና ቶም አንድ ዘፈን ውስጥ ስንት ኮርድ መክተት ይቻላል እያሉ ሲፎካከሩ የተሠራ ነው። የጆኒ ሪፍ (ተደጋጋሚው የጊታር ሐረግ) በደረጃ በደረጃ ወደ ላይ እየወጣ አራት ኦክታቭ ይጓዛል፤ በሚገርም ሁኔታ ልክ የሆነ ቦታ ላይ አያርፍም፣ ሁልጊዜ ትንሽ ጠማማ ነው። ሌሎቹ ጊታሮች በዚህ ጊዜ እሱን አይከተሉትም። መንገዱን ለቀውለታል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ዋሚ በሚባለው ፔዳል ጊታሩን ወደማይደርስበት ከፍታ እየወረወረ ሲያስጮኸው፣ ያኔ «ክሪፕ» ላይ ሁለት ጊዜ «ክርችች» ያደረገው ልጅ አሁን አገር ምድሩን ይዞ እንደሚጫወት ይገባችኋል።

«ፕላኔት ቴሌክስ» አልበሙን ይከፍታል። መክፈቻ አድርገው መምረጣቸው ራሱ መልእክት ነበር፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የምትሰሙት ጊታር ሳይሆን በኢኮ የሚንቀጠቀጥ ፒያኖ ነው። ድራሙም ከሌላ ዘፈን ተቆርጦ እየተደጋገመ የሚሄድ ነው። ዮርክ የዘፈነው ከውጭ ጠጥቶ አምሽቶ፣ መሬት ላይ ተጋድሞ ነው፣ ይሰማበታልም። ከአምስት ዓመት በኋላ በ«ኪድ ኤ» ለሚመጣው ነገር የመጀመሪያው ምልክት ከፈለጋችሁ እዚህ አለላችሁ፣ ግን ያኔ ማንም እንደ ምልክት አልቆጠረውም።

«ስትሪት ስፒሪት» ደግሞ ይዘጋዋል። የኤድ ኦብራየን ጊታር አንዱን ነገር፣ ኮርዱን በአንድ በአንድ እየበተነ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይደጋግማል። የሚፈነዳ አዝማች የለም። ትጠብቃላችሁ፣ አይመጣም። ይህን የመሰለ ዘፈን በ1996 መግቢያ ላይ እንደ ነጠላ ዜማ ወጥቶ እንግሊዝ ውስጥ 5ኛ ደረጃ መግባቱ እስካሁን ይገርመኛል። «ክሪፕ»ን የበለጠው እሱ ነው! ኩባንያው በየቀኑ ሂት አምጡ እያለ ሲያስጨንቃቸው ከታሰቡት አራት ዘፈኖች አንዱም አልነበረም።

ከአራቱ ውስጥ የነበረው «ሰልክ» ግን... ተዉኝ እስቲ። ዮርክ ድምፁን አቅሙ እስኪያልቅ ይጎትታል፣ ጊታሮቹ ከሥር ተደርበው ይሞላሉ፣ ምንም ቀዳዳ የለውም። «ቦንስ»ም ቢሆን ግፋ ቢል የተሻለ «ፓብሎ ሃኒ» ነው። «ሃይ ኤንድ ድራይ» ደግሞ ከነጭራሹ የ1993 ማሳያ ቅጂ ነው፤ ረስተውት የነበረውን አውጥተው አልበሙ ውስጥ ከተቱት። ዮርክ ራሱ ዘፈኑን አይወደውም። እኔ ግን ያን ያህል አልጠላውም፣ ዜማው ያምራል። ብቻ አራተኛው ላይ «ፌክ ፕላስቲክ ትሪስ» ስለሚከተለው ንጽጽሩ አይጠቅመውም። እነዚህ ዘፈኖች መኖራቸው አልበሙን ያጎድለዋል ወይ ብትሉኝ አዎ፣ ትንሽ ያጎድለዋል። ሆኖም ባይኖሩ ኖሮ የተቀየረው ነገር በዚህ መጠን ባልተሰማ። አሮጌውና አዲሱ አንድ ሲዲ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ አሥረኛውንና አሥራ አንደኛውን («ሰልክ»ን) አከታትሎ መስማት በቂ ነው።

አሥረኛው «ብላክ ስታር» ነው። ሌኪ ሠርግ ተጠርቶ ሲሄድ ስቱዲዮውን ለድምፅ መሐንዲሱ ትቶ ሄደ። መሐንዲሱ ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ናይጄል ጎድሪች የሚባል ልጅ ነበር። አለቃ የለም፣ ኩባንያው የለም፣ እኩዮች ብቻ። ዘፈኑን ቁጭ ብለው ይጫወቱታል እንጂ የሆነ ነገር ለማረጋገጥ የሚጥሩ አይመስሉም። አልበሙ ውስጥ ዘና ያለ ነገር ካለ እሱ ነው።

አንድ አስቂኝ ነገር ልጨምር። ሌኪ አልበሙን አቢ ሮድ ውስጥ ሚክስ ሲያደርግ (የተቀዱትን ድምፆች ሲያመጣጥን) ጊዜ ወሰደበትና ኩባንያው ትዕግሥት አጣ። ቴፖቹን ለማን ላኩት? ለሾን ስሌድና ለፖል ኮልዴሪ፤ «ፓብሎ ሃኒ»ን ለሠሩት አሜሪካውያን! አልበሙ ላይ ያለው ሚክስ አብዛኛው የእነሱ ነው። ያንን የታጨቀ ድምፅ የሠሩት ሰዎች እዚህ ባዶውን ቦታ ሳይሞሉት መተዋቸው ችግሩ ድሮም የሚክስ እንዳልነበረ ይነግረናል። ችግሩ አጨዋወቱ ላይ ነበር፣ ያንን ደግሞ ባንዱ ራሱ ፈትቶታል።

አልበሙ በ1995 መጋቢት ወጣ። እንግሊዝ ውስጥ 4ኛ፣ አሜሪካ ውስጥ 88ኛ። የአሜሪካው ቁጥር ለ«ክሪፕ» ባለቤቶች ውርደት ነበር። እንግሊዝም ብትሆን በዚያ በጋ ሌላ ጉዳይ ይዟታል፤ ብለርና ኦኤሲስ የሚባሉት ባንዶች በአንድ ሳምንት ነጠላ ዜማ አውጥተው አገሩ በሁለት ተከፍሎ ነበር። ሬዲዮሄድ እዚያ ድግስ ላይ አልተጠሩም፣ ቢጠሩም የሚሄዱ አይመስለኝም። የአሜሪካው ባንድ አር.ኢ.ኤም. ለኮንሰርት ጉዞው መክፈቻ ባንድ አድርጎ ይዟቸው ዞረ። አልበሙ በዝግታ፣ ከሰው ወደ ሰው፣ ወሬው እየሰፋ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የመጡት አስመሳዮች ነገር አለ። በዘጠናዎቹ መጨረሻ አኩስቲክ ጊታር ይዞ በቀጭን ድምፅ የሚያንጎራጉር የእንግሊዝ ባንድ እንደ አሸን ፈላ። ስም አልጠራም፣ አንዳንዶቹን እወዳቸዋለሁ። ግን የወሰዱት ድምፁንና ትካዜውን ነው። «ፌክ ፕላስቲክ ትሪስ» ውስጥ ጊታሮቹ እስከ ሦስተኛው ቨርስ የሚጠብቁትን መጠበቅ የወሰደ የለም። ሁሉም ሁለተኛው አዝማች ላይ ይፈነዳል፣ ቫዮሊኖቹም ይከተላሉ፣ አለቀ።

ባንዱ ራሱ የወሰደውን ማየት ከፈለጋችሁ ግን ብዙ ርቃችሁ መሄድ የለባችሁም። በ1995 መስከረም፣ «ዘ ቤንድስ» ከወጣ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ዋር ቻይልድ የሚባለው ድርጅት በቦስኒያ ጦርነት ለተጎዱ ልጆች ገንዘብ ለማሰባሰብ የብዙ ባንዶችን አልበም በአንድ ቀን ሲያስቀርጽ እነሱም ገቡበት። «ለኪ»ን በአምስት ሰዓት ቀርጸው ጨረሱት። መግቢያው ላይ ያለው እንደ ነፋስ የሚያፏጭ ድምፅ ኤድ ኦብራየን የጊታሩን ክሮች ጣት ከማይደርስበት ከአናቱ በኩል ሲነካቸው የሚወጣ ነው። ያ ሁሉ የነጠላ ዜማ ጭንቀት፣ ያ ሁሉ የማጉያ ምርጫ ቀርቶ አምስት ሰዓት ብቻ! «ኦኬ ኮምፒውተር» ላይ ሲያስገቡትም እንደገና አልቀረጹትም፣ እንዳለ ነው የገባው።

የቀረጸው ያ ሌኪ ሠርግ ሲሄድ ስቱዲዮውን የተረከበው ልጅ ነበር፣ ናይጄል ጎድሪች። «ኦኬ ኮምፒውተር»ን አብረውት ሠሩ፣ ከዚያ ወዲህ ያወጧቸውን የስቱዲዮ አልበሞች በሙሉም እንዲሁ።